የመብራቱ ባርኔጣ

የዓይኔ ፋሻ የተነሳ ዕለት መጀመሪያ ያየሁት የልጄን የማርታን ሽበት ነው። ገና አርባ እንኳ አልሞላትም። «አንቺ ልጅ፣ መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?» ስላት ሐኪሙ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «ሽበቴ እኮ ቆየ እማዬ፤ አንቺ ነሽ ያላየሽው» አለችኝ። የዓይን ሞራ እንዲህ ነው። ቀስ ብሎ ይመጣና ሰው ዓይኑ ሳይሆን ዓለሙ ራሱ የደበዘዘ ይመስለዋል። ስንመለስ በሚኒባሱ መስኮት ሳይ ሜክሲኮ አደባባይ ያለው ነገር ሁሉ አዲስ ቀለም የተቀባ መሰለኝ፤ የታክሲው ሰማያዊ፣ የባንኮቹ መስታወት፣ የለውዝ ሻጯ ቀይ ሻሽ። ቤት ስገባ ደግሞ የገዛ ቤቴን አቧራ አይቼ ተሸማቀቅሁ። ስንት እንግዳ ገብቶ ወጥቷል፤ አንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለም።

ሲመሽ ነጠላዬን ደርቤ ወደ በረንዳ ወጣሁ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሰማዩ ግን ደመና የለበትም። ዓይኔ ሲከፈት ከሁሉ በፊት ጫጩቶቹን አያለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ጫጩቶቹ የምላቸው በዚህ ወር አመሻሽ ላይ ከአናታችን በላይ ተጠጋግተው የሚታዩትን ትንንሽ ኮከቦች ነው። ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ከማን እንደሰማሁት ወደ ኋላ እናገራለሁ። ቀና ብዬ አየሁ፤ ምንም የለም። ሰማዩ ጥቁር እንኳ አይደለም፤ ልብስ የታጠበበት ውሃ መስሏል። ጨፍኜ ገለጥሁ፤ ያው ነው። ሕክምናው ከሽፎ ይሆን ብዬ ልቤ ድንግጥ አለ። አንዷን ዓይኔን ሐኪሙ አልቆላታል ብሎኛል፤ ያለችኝ ይቺ የተከፈተችው ብቻ ናት፤ ለስንት ጊዜ እንደምታገለግለኝ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ማርታን ጠርቼ «ኮከብ ይታይሻል?» አልኳት። «የምን ኮከብ? እዚህ ኮከብ ካየሁ ስንት ጊዜዬ!» አለችና ስልኳን እያየች ተመልሳ ገባች። ያኔ ገባኝ። ሞራው ከእኔ ዓይን ተነስቶ ሰማዩ ላይ ሄዶ ተለጥፏል።

የሚያስቀው ደግሞ የዚህ ጥፋት አንዱ ክፍል የእኔው ሥራ መሆኑ ነው። ግቢው ውስጥ ግንቡ ላይ ተሰቅሎ ፊት ለፊት የሚያፈጥብኝን ፓውዛ ያስተከልኩት እኔ ነኝ። ደረጃው አይታየኝም፣ ልሰበር ነው፣ ሴቶች ልጆች አምሽተው ሲገቡ ይፈራሉ እያልኩ የብሎካችንን ኮሚቴ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቼው ነበር። ተተከለ። እንደ ተተከለ ግን ማን ያስተካክለው፤ ብርሃኑ ግማሹ ደረጃውን ትቶ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ያንን እያየሁ በረንዳዬ ላይ ቆሜ ትዝ ያሉኝ የድሮ ጎረቤቴ ጋሽ ተካ ናቸው። «ሙሉ፣ ብርሃን ለእግር ነው፤ ሰማይ እግር የለውም» ይሉኝ ነበር።

አሁን የምኖርበት ኮንዶሚኒየም የቆመበት ቦታ ያኔ ሌላ አገር ነበር። በልደታና በጠመንጃ ያዥ መካከል ያሉት የጭቃ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው፣ አንዱ ቢነቀል ሁሉም የሚወድቁ ይመስሉ ነበር። መንገዱ ጠባብ ከመሆኑ የተነሳ የተጣላ ሰው እንኳ ሲተላለፍ ሳይነካካ አያልፍም፤ ብዙ ጸብ የበረደው በዚያ ይመስለኛል። ዳቦ አሥር ሳንቲም፣ ታክሲ ስሙኒ ነበር፤ ስሙኒ ለመቆጠብ ከሜክሲኮ በእግሬ እመጣለሁ። እኔ ልብስ ስፌት ቤት ሥራ የጀመርኩበት ጊዜ ነው። ጎረምሶቹ ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ መንገድ የሚጠርግ ሰፊ ሱሪ ለብሰው ማዕዘኑ ላይ ካለው ሻይ ቤት ደጃፍ ይቆማሉ። ከሱሪዎቹ ስንቱን እኔ ሰፍቼዋለሁ! የሻይ ቤቱ ሬዲዮ ስለ መለየት የሚያለቅስ አንድ ዘፈን ይደጋግማል፤ ዛሬ ያ ዜማ ታክሲ ውስጥ ድንገት ሲመጣብኝ የምወርድበትን አልፋለሁ። የመንግሥትን ነገር ለሚያውቁት ልተወው። አንዳንዴ ሰዓት እላፊ ነበር፣ አንዳንዴ አልነበረም፤ እኛ የምናስታውሰው በጊዜ መግባታችንን ነው። ቤቱ ውስጥ የስልሳ ሻማ አምፖል ያለው ደህና ኑሮ አለው ይባላል። ብዙዎቻችን ሃያ አምስት ነበርን፤ በሃያ አምስት ሻማ ሰው ሁሉ ቆንጆ ነው።

ጋሽ ተካ ከእኛ ጋር አንድ ግቢ የሚኖሩ የመነጽር ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ መስታወት ሞርደው ለሰው ዓይን ልክ ማድረግ ነው ሥራቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር የመጡ፣ አፋቸው የሚቆጣ እጃቸው የሚሰጥ ሴት ናቸው። እናቴን በልጅነቴ አጥቻለሁና ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል፤ ጠርዝ መቀምቀም እንኳ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ያኔ ታዲያ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሞራ ለብሰዋል። ለሞራ መነጽር አይበጅም፤ ለሰፈሩ ሁሉ መነጽር የሚያበጁት ጋሽ ተካ ለሚስታቸው የሚያበጁት ጠፋ። ሐኪም ቤት እንሂድ ሲሏቸው እትዬ ዘነበች አሻፈረኝ አሉ። «ዓይኔን በምላጭ? ደግሞስ ምን የማየው ቀረኝ? ያንተን መላጣ ነው?» ይላሉ። ጋሽ ተካ መላጣቸውን ማሻሸት ይጀምራሉ። እኔ እሑድ እሑድ እጃቸውን ይዤ ልደታ አደርሳቸዋለሁ፤ መንገዱን በእግራቸው ያውቁት ስለነበር አንዳንዴ ማን ማንን እንደሚመራ ይጠፋኛል። ጭራሽ ሳይጨልምባቸው ልባቸው እንዲመለስ እኔም ከባለቤታቸው እኩል ለልደታ ስለት እሳል ነበር።

አንድ ምሽት ግቢ ውስጥ ተቀምጠን እትዬ ዘነበች ፊታቸውን ወደ ላይ አነሱና «ጫጩቶቹ አሉ?» ብለው ጠየቁ። የምን ጫጩቶች አልናቸው። «እነዚያ እዚያ ላይ የሚገፋፉት ትንንሾቹ። እናቴ ነች እንዲህ የምትላቸው። ማታ ከደጅ አንገባም ስንል 'ዶሮዋ ጠፍታባቸው ነው እነሱ ውጭ ያደሩት፣ እናንተ እናት አላችሁ፣ ግቡ!' ትለን ነበር። አዲስ አበባ ከመጣሁ ወዲህ ሁሉንም አንድ ላይ አይቻቸው አላውቅም፤ አሁን ደግሞ ይኸው ጉም ነው።» በሰሞኑ ጋሽ ተካ አንድ የአሸንዳ ቧንቧ ከየት እንዳመጡ እንጃ፣ ውስጡን ጥቁር ቀብተው በአንዱ ጫፍ ትልቅ መስታወት በሌላው ትንሽ መስታወት ገጠሙበት። ሩቅ ማያ ሠሩ። እኛ ግን «ቧንቧው» ነው ያልነው። ለእኔ በጆሮዬ «ይቺ ግራ ዓይኗ ትንሽ ብርሃን ቀርቷታል። እነዚያን ጫጩቶች አንዴ ካየች የማየት አምሮቷ ይነሳል፤ ያኔ ሐኪም ቤት ውሰደኝ የምትለኝ ራሷ ናት» አሉኝ።

ችግሩ መብራቱ ነው። ከግቢያችን አጥር ማዶ የእድሩ ቤት አለ፤ በሩ ላይ በእንጨት የተሰቀለ ትልቅ አምፖል መንገዱን ሁሉ ያበራል። ጋሽ ተካ ቧንቧውን ወደ ሰማይ ባቀኑ ቁጥር ያ አምፖል ሰማዩን ያነጣዋል። ትልልቆቹ ኮከቦች ይቋቋሙታል፤ ትንንሾቹ ግን የሉም። ለሞራ ዓይን ደግሞ የባሰ ነው፤ የጎን ብርሃን ሞራው ላይ ይበተንና ሁሉም ነገር ወተት ይሆናል። ስለዚህ ጋሽ ተካ እሑድ በእድሩ ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው ለአንድ ምሽት መብራቱ ይጥፋልኝ አሉ። ሰው ተንጫጫ። አንዲት ጎረቤታችን ተነስታ «ከቦኖ ውሃ ቀድተን የምንገባው በዚያ መብራት ነው፤ ኮከብ እንስራ አያሻግርም!» አለች። ሌላው ኮከብ የቆጠረ ኪንታሮት ይወጣበታል አለ። ይህን ሁላችንም ስንሰማው ያደግነው ነውና አንዳንዱ ሳያስበው እጁን አገላብጦ አየ። ጋሽ ተካ ግን የሚስታቸውን ነገር እንዳለ ተናገሩ። የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንድ ምሽት ሁሉም የደጁን መብራት ያጥፋ። ደምሴ በጥሩምባ ያስታውቅ» ብለው ዘጉት።

ደምሴ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነው። በዕለቱ አመሻሽ ላይ ወጥቶ በየመንገዱ እየነፋ «የደጅ መብራት አጥፉ!» አለ። ዳኛውም እሱም እኛም ያላሰብነው ነገር ቢኖር ጥሩምባ በሰፈራችን አንድ ቋንቋ ብቻ እንደሚያውቅ ነው። ጥሩምባ የሰማ ሰው ቀጥሎ የሚባለውን አያዳምጥም፤ ነጠላውን ነው የሚፈልገው። መብራቱ ሲጠፋማ ጭራሽ ጥርጣሬው ሁሉ ለቀቃቸው። ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢ ተከናንበው፣ ሰሞኑን የተወራው ስለ እትዬ ዘነበች ነበርና፣ በጨለማው ወደ ግቢያችን ጎረፉ። አንዷ ገና ከበሩ «ወይኔ ዘነበች! ወይኔ እህቴ! ሳልጠይቅሽ!» ብላ ደረቷን ደቃች። እትዬ ዘነበች በርጩማ ላይ ተቀምጠው «መቼ ጠይቀሽኝ ታውቂና ነው!» አሏት። ሴትዮዋ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። «ታዲያ ማን ነው የሞተው?» አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

«ማንም አልሞተም» አሉ ጋሽ ተካ። «ቀና በሉ።»

ቀና አልን። እግዜር ያሳያችሁ፣ በየቀኑ ከላያችን የነበረ ሰማይ ነው፤ እኛ ግን ባለቤቱ የከፈተልን ያህል አፋችንን ይዘን ቀረን። ጋሽ ተካ «አትቸኩሉ፣ ዓይን ጨለማውን ይልመድ። ደግሞ አታፍጡባቸው፤ ጎን ጎኑን እዩ፣ እነሱ ራሳቸው ይመጣሉ» እያሉ ሰዉን አሰለፉት። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ተራ በተራ ቧንቧው ላይ ጎንበስ አለ። «ኧረ በልደታ!» የማይል አልነበረም። እኔም አየሁ። በዓይን ስድስት የማይሞሉ የሚመስሉት በቧንቧው ውስጥ ጥቁር ከፋይ ላይ እንደ ፈሰሰ ጨሌ ነበሩ። ሰማያዊ ነጭ፣ ጥርት ያሉ፣ በእርግጥም የሚገፋፉ። እስከ ዛሬ ከሰፋሁት ጨርቅ ሁሉ ያንን ቀለም የመሰለ አላገኘሁም። የእንስራዋ ሴትዮ ሁለቴ ተሰለፈች።

ከሁሉ መጨረሻ እትዬ ዘነበችን እጃቸውን ይዤ አስጠጋኋቸው። ጋሽ ተካ ቧንቧውን ያዙላቸው። እትዬ ዘነበች ግራ ዓይናቸውን አስደግፈው ቆዩ። በጣም ቆዩ።

«እህ?» አሉ ጋሽ ተካ።

«ምንም የለም።»

«ትንሽ ጎን ጎኑን...»

«ምንም የለም አልኩህ እኮ ተካ። ጉም ነው።»

ጋሽ ተካ መስታወቱን ሊወለውሉ መሐረባቸውን አወጡና መልሰው ኪሳቸው ከተቱት፤ የቆሸሸው መስታወቱ እንዳልሆነ ያውቃሉ። እኔ እንባዬ መጣ። እትዬ ዘነበች ቀና ብለው በርጩማቸውን በእጃቸው ዳብሰው ተቀመጡና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔን ሊቀብር የመጣ ሰው ሁሉ እናቴ ያሳየችኝን አይቶ ሊሄድ ነው? የእኔን ጫጩቶች! ይሄማ አይሆንም። ሰኞ ሐኪም ቤት ውሰደኝ» አሉ። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሳቀ፤ ጋሽ ተካ ግን ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ቆዩ።

ዓይናቸው ተከፈተ። ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያሉት «ውይ ተካ! መቼ ነው እንዲህ ያረጀኸው?» ነው። ይኸው እኔም የማርታን ሽበት ሳይ ያው ቃል ከአፌ ወጣ፤ ሳላውቀው ወርሼዋለሁ። ነገር ግን ጫጩቶቹ አይጠብቁም። ዓይናቸው እስኪያገግም ወራቱ አለፈ፣ ወደ ምዕራብ ወርደው ጠፉ፣ ክረምቱ ገባ። እስከሚቀጥለው ብርድ መጠበቅ ግድ ሆነ። በዚያ መሃል ደግሞ ከሰፈራችን አንድ ሱቅ ተሰበረና እድሩ አምፖሉን በሌላ የሚያብረቀርቅ ትልቅ መብራት ለወጠው። ጋሽ ተካ እንደገና ይጥፋልኝ ቢሉ ሰው ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ደግሞ እውነት ነበረው፤ ሌባ ኮከብ አያይም።

ያኔ ነው ባርኔጣው የመጣላቸው። «አይጥፋ። ለምን ሰማይ ያበራል? ኮፍያ እናድርግለትና እታች እግራችን ሥር ያብራ» አሉ። ባርኔጣ ሲሉ ሥራው የእኔ ሆነ። ክብ ወረቀት ቆርጬ አንድ ጎኑን ሰንጥቄ አደራረብኩት፤ እሳቸው በዚያ ልክ የዘይት ቆርቆሮ ቆርጠው አጠፉትና ደምሴ መሰላል ወጥቶ ሰቀለው። የእንስራዋ ሴትዮ በማግስቱ «አሁንማ ጠጠሩ ሳይቀር ታየኝ፤ ድሮስ ምነው እንዲህ ባደረጋችሁት» አለች። ሰማዩ ደግሞ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጋሽ ተካ ቧንቧውን ሲያወጡ እትዬ ዘነበች ተዉት አሏቸው። በባዶ ዓይናቸው ቀና ብለው ቆሙ። እጄን ይዘው ነበር፤ አሁን የሚመራቸው ስለፈለጉ አልነበረም። «አሉ» አሉ በመጨረሻ። «ዶሮዋን ነው እንጂ ያጣሁት፣ ጫጩቶቹስ ሁሉም አሉ።» ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ለት ብቻ ነው።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። ሰፈሩም ፈርሶ ሰዉ እንደ ጤፍ ተበተነ፤ ከነዚያ ሁሉ ተሰላፊዎች በዚህ ብሎክ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቧንቧው ዕቃ ስናወጣ ከእውነተኛው አሸንዳ ጋር ተጭኖ ሄደ መሰለኝ። በረንዳዬ ላይ ቆሜ ያ ግቢ በየት በኩል እንደነበር ለመገመት እሞክራለሁ፤ አንዳንዴ መኪና ማቆሚያው ነው እላለሁ፣ አንዳንዴ አንደኛ ፎቅ ያለው ጸጉር ቤት ይመስለኛል።

ጫጩቶቹን ባጣሁበት ምሽት ማግስት የኮሚቴውን ሊቀመንበር ናሆምን ፈለግሁት። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ጨዋ ሰው።

«እትዬ ሙሉ፣ ይተከል ብለው የጮሁት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ነኝ። ያኔ አላይም ነበር።»

«ሰው ይፈራል እኮ። ያችን ልጅ ደረጃ ላይ ቦርሳዋን የቀሟት ትዝ ይልዎታል።»

«ይጥፋ አላልኩህም። ባርኔጣ ይደረግለት ነው የምልህ። እንዲያውም ደረጃው የበለጠ ይታያል።»

አሰበበትና ወደ ሜክሲኮ በኩል አመለከተኝ። ከሕንጻዎቹ በላይ ሰማዩ እንደ ጋለ ምጣድ ቀልቷል። «እሺ፣ የኛን አለበስነው እንበል። ያንን ሁሉስ? የማስታወቂያውን ስክሪን፣ የመንገዱን፣ የሕንጻውን? አንድ ፓውዛ ምን ያመጣል?»

እውነቱን ነው። ዓይኔን ካስከፈትኩ በኋላ እንደዚያ ቀን ተስፋ የቆረጥኩበት ቀን የለም። «የሜክሲኮውን ዳኛ አላውቀውም ልጄ» አልኩት፤ «የዚህ ግቢ ዳኛ ግን አንተ ነህ። ያለችኝ አንድ ዓይን ናት። ጫጩቶቹ ደግሞ ብርዱ ሳያልፍ ነው የሚታዩት።» የምን ጫጩት ብሎ ሳይጠይቅ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ ያረጀ ሰው ሲናገር ዝም ማለትን ያውቃል። ከፍሪጅ ካርቶን ልኩን ቆርጬ ሰጠሁት። ጠመንጃ ያዥ ያሉ ቆርቆሮ ሠራተኞች ጋ አሠርቶ ሲያመጣው ባርኔጣው አምሮ ነበር። ራሱ ወጥቶ ገጠመው። ግቢው በራ፣ በረንዳዬ ጨለመ።

ማርታን ለብሎኩ ሰው በቴሌግራም ጻፊልኝ አልኳት፤ ብቻዬን ማየት አልፈለግሁም። «እናቴ ሁላችሁም ዛሬ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ግቢ እንድትገኙላት ትለምናለች» ብላ ላከች። እኔ ቀደም ብዬ ወረድኩና ከግንቡ ጀርባ፣ ብርሃኑ የማይደርስበት ጥግ ላይ ወንበሬን አድርጌ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥሁ፤ ዓይን ጨለማውን ይልመድ ብዬ። ገለጥሁ። ሰማዩ አሁንም የድሮው አይደለም፤ በሜክሲኮ በኩል እንደቀላ ነው። ከአናቴ በላይ ግን ትንሽ ጠቆር ብሎልኛል። አላፈጠጥሁም። ጎን ጎኑን አየሁ። መጀመሪያ ጭስ መሰለኝ፤ ቀጥሎ አንዷ ብቅ አለች፣ ከጎኗ ሌላዋ፣ ተገፋፍተው። አሉ። ቀጥነዋል፣ ሰልለዋል፣ ግን አሉ። «እትዬ ዘነበች፣ አሉ እኮ» አልኩ ድምፄን አውጥቼ።

«እማዬ፣ ማንን ነው የምታናግሪው?» አለች ማርታ ከኋላዬ። ጣቴን አነሳሁላት። አንጋጣ ቆየችና «አንድ... ሁለት... ሦስት...» ስትል እጇን ያዝ አደረግሁት፤ «አትቁጠሪ፣ ኪንታሮት ይወጣብሻል።» ሳቀች፤ ሽበቷ በጨለማው ደብዝዞ የልጅነት ፊቷ ታየኝ።

በዚህ መሃል ደረጃው በእግር ኮቴ ተሞላ። በእኛ ቴሌግራም ላይ የሚጻፈው ወይ ውሃ ጠፋ ነው፣ ወይ ሰው አረፈ። ውሃ ደግሞ ነበረ። ዓይኗን ታክማ የመጣች አሮጊት ሁላችሁም ተገኙልኝ ካለች፣ ሰው ምን ይበል? ባርኔጣው በሚጥለው ብርሃን ሥር ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አንዳንዱም እንባውን አዘጋጅቶ ሲወርድ አየሁ። ናሆም ከፊት ነው፤ ልጆቹን በሁለት እጁ ይዟል።

«እትዬ ሙሉ! ምነው? ማን ነው የሞተው?»

ከወንበሬ ተነሳሁ።

«ማንም አልሞተም» አልኳቸው። «ቀና በሉ።»